የሰደድ እሳት ከሳተላይት፦ ሐዋሳ ላይ ሆኖ ለሚከታተል ሰው የትኛው መረጃ ይሻላል?

«እሳቱ የት ነው?» እና «ስንት ሄክታር ነደደ?» በአንድ የስልክ ጥሪ አብረው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የሚመልሳቸው ሳተላይት ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን የሚመልሰው ሙቀት የሚለይ መሣሪያ ነው፤ በየቀኑ ደጋግሞ ያልፋል፣ ምስሉ ግን ሻካራ ነው። ሁለተኛውን የሚመልሰው እሳቱ ከጠፋ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ጠባሳ አጥርቶ የሚያይ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው ቀናት ቆይቶ ነው። በቃጠሎ ሪፖርቶች ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ ከባዱ በመጀመሪያው መረጃ ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ነው፤ ማለትም ካርታ ላይ ያሉ ቀይ ነጥቦችን ቆጥሮ ሄክታር ማውጣት።

ይህ መመሪያ የወንዶ ገነትን ደን፣ የሰንቀሌን የቆርኬ ሜዳ፣ የአብያታ ሻላን ግራር ወይም ራቅ ብሎ የባሌን አስታ ከሐዋሳ ሆነው ለሚከታተሉ የደን ባለሙያዎች፣ የፓርክ ሠራተኞች፣ የወረዳ ባለሙያዎችና ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

መረጃ ከማውረድዎ በፊት እነዚህን ይለዩ።

የሚፈልጉት መልስ። ማስጠንቀቂያ ነው? የተቃጠለው ስፋት ነው? የጉዳቱ ክብደት ነው? ወይስ የ20 ዓመት ታሪክ?

የእሳቱ መጠን። አንድ ፒክሰል (ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ካሬ) መሬት ላይ ምን ያህል እንደሆነ በቃል ይያዙት። የ10 ሜትር ፒክሰል 100 ካሬ ሜትር ነው። የ20 ሜትር 400 ካሬ ሜትር ነው፤ 25 ፒክሰል አንድ ሄክታር ይሞላል። የ30 ሜትር 0.09 ሄክታር፣ የ375 ሜትር 14 ሄክታር፣ የ1 ኪሎ ሜትር ደግሞ 100 ሄክታር ነው።

የሚያልፍበት ሰዓት። ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ደመና። በአካባቢያችን የቃጠሎው ወቅት በአመዛኙ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው፤ ሰማዩም በዚያው ጊዜ የጠራ ስለሆነ ዕድለኞች ነን። የበልግ ዝናብ ሲገባ ግን ደመናውም ይመጣል፣ ሣሩም አቆጥቁጦ ጠባሳውን ይሸፍነዋል።

ኢንተርኔትና ኮምፒውተር። አንድ የሴንቲኔል-2 (ከታች የምናየው የአውሮፓ ሳተላይት) ምስል 110 በ110 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ሲወርድ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው። መስመሩ በሚቆራረጥበት ቢሮ ይህ ብቻውን ምርጫን ሊወስን ይችላል።

ገንዘብን መጨረሻ ላይ ማምጣታችን በምክንያት ነው። ከዚህ በታች ካሉት ዋና ዋናዎቹ ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው።

## ቪርስ እና ሞዲስ፦ እሳት አሁን አለ ወይ?

ቪርስ የተባለው መሣሪያ በሦስት ሳተላይቶች ላይ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በመጠቀው ሱዎሚ ኤንፒፒ፣ በ2017 በመጠቀው ኖአ-20 እና በ2022 በመጠቀው ኖአ-21። የእሳት መለያ ፒክሰሉ 375 ሜትር ነው። ሞዲስ ደግሞ ቴራ (1999) እና አኳ (2002) ላይ ያለ ቀዳሚው መሣሪያ ሲሆን ፒክሰሉ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም 4 ማይክሮሜትር አካባቢ ባለው የኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው) ሞገድ ከዙሪያው መሬት በልጦ የጋለውን ፒክሰል ፈልገው ነጥብ ያደርጉበታል። ነጥቦቹ ፈርምስ በተባለው የናሳ የእሳት ካርታ ድረ ገጽ ላይ ሳተላይቱ ካለፈ በ3 ሰዓት ውስጥ ይወጣሉ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የኢሜይል አድራሻ ያስመዘግባሉ፣ የሚከታተሉትን ክልል ካርታው ላይ ያሰምራሉ፣ ማሳወቂያው ወዲያው ይምጣ ወይስ በቀን አንዴ የሚለውን ይመርጣሉ። ሐዋሳን፣ ሻሸመኔን፣ ወንዶ ገነትንና ሰንቀሌን በአንድ ሳጥን ለመያዝ ከ6.8 እስከ 7.4 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ38.2 እስከ 38.9 ዲግሪ ምሥራቅ ይበቃል።

የሰዓቱን ነገር እንመልከት። ፈርምስ የሚጽፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 መቀነስ ብቻ ነው፦ 11:05 የሚል ነጥብ ከቀኑ 8:05 ነው። 22:50 የሚለው 19:50 ይሆናል፤ 12 ሲቀነስለት ከሌሊቱ 7:50 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ግን እዚህ ቀኑ ተቀይሯል፤ ሪፖርት ሲጽፉ ያስተውሉ)። ሦስቱም የቪርስ ሳተላይቶች እኛ ላይ የሚያልፉት ከቀኑ 7 እስከ 9 እና ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የተለኮሰ የበቆሎ አገዳ ሳይመሽ ከጠፋ ቪርስ ጨርሶ አያየውም። ነጥብ አልታየም ማለት እሳት አልነበረም ማለት አይደለም።

የተገላቢጦሹም አለ። ነጥቡ የፒክሰሉ መሃል ነው እንጂ የእሳቱ መሃል አይደለም። ሞዲስ እንኳ 1,000 ካሬ ሜትር የሚሆን ነበልባል በተለመደ ሁኔታ ይለያል፤ ይህም ከፒክሰሉ ሺኛ እጅ ነው። 12 የቪርስ ነጥቦችን በ14 ቢያባዙ 168 ሄክታር ይወጣል፤ እውነተኛው ጠባሳ ግን ከዚያ እጅግ ሊያንስ ይችላል። ሣር ላይ ሮጦ ያለፈ እሳት ከሆነ ደግሞ ሳተላይቱ በሚያልፍባት ቅጽበት የሚነደው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ሊበልጥም ይችላል። ሳተላይቱ ከጎን አዘንብሎ ሲያይ የቪርስ ፒክሰል ወደ 800 ሜትር፣ የሞዲሱ ደግሞ በርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይለጠጣል። በወንዶ ገነት ገደላገደል ላይ 400 ሜትር መሳት ማለት ሌላ ሸንተረር ማለት ነው፤ እሳት አጥፊ ከመላክዎ በፊት በአካባቢው ላለ ሰው ይደውሉ።

ሐሰተኛ ነጥብ የሚፈጥሩ ነገሮችን ማወቅም ግድ ነው። በቀን የሐዋሳ ሐይቅ የፀሐይ ነጸብራቅ፣ ሰፋፊ የፋብሪካ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የጋለ ባዶ አፈር ሊያታልሉ ይችላሉ። በሌሊትም የሚደጋገም፣ በየወሩ እዚያው ቦታ ላይ የሚወጣ ነጥብ የሰደድ እሳት ሳይሆን እቶን ወይም ፋብሪካ ነው። ኤርታሌ በካርታው ላይ ደጋግሞ የሚበራው እሳተ ገሞራ ስለሆነ ነው። ለጥናት ሲያወርዱ ተጣርቶ የወጣውን የቆየ መዝገብ ይውሰዱ፤ በውስጡ የዓይነት ዓምድ አለ፦ 0 የዕፅዋት ቃጠሎ፣ 1 እሳተ ገሞራ፣ 2 ሌላ ቋሚ የሙቀት ምንጭ። ለቪርስ የተሰጠው የእርግጠኝነት ደረጃ «መደበኛ» ከሆነ ግማሽ ጥርጣሬ ማለት አይደለም፤ ጥሩ ነጥብ ነው። በጥንቃቄ መታየት ያለበት «ዝቅተኛ» የሚለው ነው።

ለዛሬ ሥራ ቪርስን ይምረጡ። ሞዲስ የሚጠቅመው ለታሪክ ነው። ሳተላይቶቹ አርጅተዋል፤ የሚያልፉበት ሰዓትም ከመጀመሪያው እየራቀ ስለሆነ የቅርብ ዓመታት ነጥቦችን ከድሮዎቹ ጋር እንዳለ ማወዳደር ያሳስታል። ከሞዲስ የሚሠራው ወርሃዊ የተቃጠለ መሬት ካርታ 500 ሜትር ነው፤ ለአገር ሥዕል ይሆናል፣ ለቀበሌ አይሆንም።

## ሴንቲኔል-2፦ ስንት ሄክታር ነደደ?

ለስፋት የምንመክረው ይህን ነው፤ ሰፋ አድርገን የምናየውም ለዚሁ ነው። የአውሮፓ ሳተላይቶች ናቸው፤ ጥንድ ሆነው በየ5 ቀኑ ይመለሳሉ። እኛ ላይ የሚያልፉት ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ የቀትር በኋላው ደመና ሳይከማች ነው። ምስሉ ባንድ በሚባሉ የብርሃን ሞገድ ክፍሎች ተለይቶ ይመጣል፤ ለቃጠሎ የሚያስፈልጉት ባንድ 8ኤ (ቅርብ ኢንፍራሬድ) እና ባንድ 12 (አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ) ሁለቱም 20 ሜትር ናቸው።

ሐሳቡ ይህ ነው። ለምለም ቅጠል ቅርብ ኢንፍራሬድን በብዛት ያንጸባርቃል፣ አጭር ሞገዱን ይውጣል። ከሰል የሆነና የደረቀ መሬት ተቃራኒውን ያደርጋል። ኤንቢአር የተባለው መለኪያ የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ያካፍላል።

አንድ የደን ፒክሰል እንውሰድ። ከእሳቱ በፊት 8ኤ 0.30፣ ባንድ 12 ደግሞ 0.15 ቢሆን ኤንቢአር 0.15 ለ0.45፣ ማለትም 0.33 ነው። ከእሳቱ በኋላ 0.16 እና 0.24 ቢሆን −0.08 ለ0.40፣ ማለትም −0.20 ነው። ልዩነቱ 0.53 ይሆናል። በሰፊው በሚሠራበት ደረጃ ከ0.10 በታች ያልተቃጠለ፣ እስከ 0.27 ዝቅተኛ፣ እስከ 0.44 መካከለኛ፣ እስከ 0.66 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ጉዳት ነው።

አሁን የሰንቀሌን ዓይነት የጥር ሣር እንውሰድ። ሣሩ አስቀድሞ ደርቋል፦ 0.25 እና 0.22፤ ኤንቢአር 0.06። ከእሳቱ በኋላ 0.10 እና 0.14፤ ኤንቢአር −0.17። ልዩነቱ 0.23 ብቻ ነው። አንድም ሣር ሳይተርፍ ነድዶ ሳለ ሰንጠረዡ «ዝቅተኛ» ይለዋል! ደረጃዎቹ የተቀመሩት ለሰሜን አሜሪካ ደን ነው። ስለዚህ በሣር ሜዳ ላይ ተቃጥሏል ወይም አልተቃጠለም ብለው ብቻ ይለዩ፤ የጉዳት ደረጃ አይስጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ከቃጠሎ በኋላ ጭሱ የጠራበትን የመጀመሪያ ምስል ይምረጡ። ለሣር ከሁለት ሳምንት አይለፍ፤ አንድ ዝናብ ከጣለ አዲሱ ቡቃያ ጠባሳውን ይውጠዋል።
2. የቀድሞው ምስል ለእሳቱ የቀረበ ይሁን። ይህ ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ነጥብ ነው። የጥቅምት ምስልን ከጥር ጋር ካነጻጸሩ የተሰበሰበው በቆሎና የታረሰው ማሳ ሁሉ «ተቃጥሏል» ይባላል። ቅርብ የጠራ ምስል ከሌለ ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ወር ይውሰዱ።
3. የከባቢ አየር እርማት የተደረገበትን ደረጃ 2ኤ ይጠቀሙ። ከጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ጀምሮ በወጡ ምስሎች በእያንዳንዱ ፒክሰል ዋጋ ላይ 1,000 ተጨምሯል። ከዚያ በፊት የተሠራን ምስል ከዚያ በኋላ ከተሠራው ጋር ሲያነጻጽሩ ይህን ካልቀነሱ ልዩነቱ ሁሉ የተዛባ ይሆናል። የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት ላይ በሚያሰላው ጉግል ኧርዝ ኤንጂን ላይ «ሃርሞናይዝድ» የሚለውን ስብስብ ከመረጡ እርማቱ ተሠርቷል።
4. ደመናና ሐይቅን ያውጡ። ከምስሉ ጋር የሚመጣው የደመና መለያ ግን ትኩስ ጠባሳን «ጥቁር ቦታ» ወይም «የደመና ጥላ» እያለ ይመድበዋል። ሁሉንም በጅምላ ከሰረዙ የፈለጉትን ቃጠሎ ራሱን ሰረዙት ማለት ነው፤ በዓይን ያረጋግጡ።
5. የ12፣ 8ኤ እና 4 ባንዶችን ቅልቅል ይክፈቱ። ለምለሙ አረንጓዴ፣ ጠባሳው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ እየነደደ ያለ ነበልባል ደግሞ ደማቅ ቀይ ሆኖ በስስ ጭስ ውስጥም ይታያል። መረሬ አፈር ያለበትን እርሻ እዚህ ላይ ይለዩት፤ ከጠባሳ ጋር ይመሳሰላል።
6. የቀሩትን ፒክሰሎች ቆጥረው በ0.04 ያባዙ። ካርታው በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚለካው የካርታ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን መሆኑን ያረጋግጡ፤ በዲግሪ ላይ ስፋት አይሰላም።

በምዕራብ በኩል የተደፋ ገደል በረፋድ ጥላ ውስጥ ስለሚሆን የወንዶ ገነት ቁልቁለት ላይ ቁጥሮቹ ሊዋዥቁ ይችላሉ። በሐይቁ ዳር ያለ ጠባብ የፊላና የደንገል መስመር ሲቃጠልም የ20 ሜትር ፒክሰል ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አመድ ይሆናል፤ እዚያ ቁጥሩን አይመኑት።

ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ሙሉ ምስል ማውረድ አያስፈልግም። የሴንቲኔል ምስሎች በሚገኙበት ድረ ገጽ፣ በኮፐርኒከስ ብራውዘር፣ የሚፈልጉትን ክፍል ብቻ ቆርጠው ይውሰዱ፣ ወይም ኧርዝ ኤንጂን ላይ አስልተው ውጤቱን ብቻ ያውርዱ፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር በመካከለኛ ላፕቶፕ ይጨርሰዋል።

## ላንድሳት፦ ወደ ኋላ ለመመለስ

የአሜሪካዎቹ ሳተላይቶች ላንድሳት 8 እና 9 በ30 ሜትር እየተፈራረቁ በየ8 ቀኑ ያልፋሉ፤ ሐዋሳ የምትገኘው በላንድሳት የምስል አከፋፈል መስመር 168፣ ረድፍ 55 ነው። ስሌቱ ከላይ ያለው ነው። ለአንድ የዘንድሮ ቃጠሎ ከሴንቲኔል-2 አይሻልም፤ ዋጋው መዝገቡ ነው። አጭር ሞገድ ያለው የ30 ሜትር ምስል ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀመጠ ሲሆን ከ2008 ወዲህ በነፃ ይገኛል። የላንድሳት 7 ምስል ከሜይ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ መስመር መስመር ክፍተት ያለበት ሆኗል፤ ከክፍተቱ ጋር ስፋት ካሰሉ ያሳንሳሉ።

## ሌሎቹ በአጭሩ

የአየር ጠባይ ሳተላይቱ ሜቴኦሳት በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሞ በየ15 ደቂቃው ያያል፤ ኢትዮጵያ ከሥሩ ናት ማለት ይቻላል። ፒክሰሉ ግን 3 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ትልቅ እሳት ብቻ ይይዛል። እሳቱ በስንት ሰዓት እንደተነሳ ለማጣራት ይጠቅማል።

ሴንቲኔል-1 ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም። ሆኖም የአፈር እርጥበት ሲቀየር ምልክቱ አብሮ ስለሚቀየር በዝናብ መግቢያ ላይ ቃጠሎን ከእርጥበት መለየት ልምድ ይጠይቃል። ለጀማሪ አንመክረውም።

ፕላኔትስኮፕ በክፍያ የሚገኝ፣ 3 ሜትር ገደማ የሆነ፣ በየቀኑ የሚነሳ ምስል ነው። አጭር ሞገድ ባንድ ስለሌለው ኤንቢአር አይሠራበትም፤ ወሰንን በዓይን ለማስመር ግን ግሩም ነው። ድሮን ከሁሉም የጠራ ነው፤ ያለ ፈቃድ ግን አይነሳም፣ በአንድ ባትሪ የሚሸፍነውም ትንሽ ነው።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ፒክሰል | ድግግሞሽ | ይሆናል ለ | አይሆንም ለ | ክፍያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቪርስ | 375 ሜትር | በየቀኑ፣ ቀንና ሌሊት | ማስጠንቀቂያ | ሄክታር | ነፃ |
| ሞዲስ | 1 ኪ.ሜ. | በየቀኑ | ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ አዝማሚያ | ትንሽ እሳት | ነፃ |
| ሴንቲኔል-2 | 20 ሜትር | 5 ቀን | ስፋትና ጉዳት | የዕለት ክትትል | ነፃ |
| ላንድሳት 8/9 | 30 ሜትር | 8 ቀን | የረጅም ዘመን ታሪክ | ቶሎ የሚያገግም ሣር | ነፃ |
| ሜቴኦሳት | 3 ኪ.ሜ. | 15 ደቂቃ | የተነሳበት ሰዓት | አነስተኛ ቃጠሎ | ነፃ |
| ሴንቲኔል-1 | 20 ሜትር ገደማ | 6–12 ቀን | ደመናማ ወቅት | ጀማሪ | ነፃ |
| ፕላኔትስኮፕ | 3 ሜትር | በየቀኑ | ወሰን ማስመር | ኤንቢአር | በክፍያ |

## ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ስልክ ብቻ ያለው የወረዳ ወይም የፓርክ ጽሕፈት ቤት፦ የፈርምስ የቪርስ ማሳወቂያ ይብቃዎት። ከታኅሣሥ በፊት ያስመዝግቡ፤ የየቀበሌውን ጠባቂ ስልክም አብረው ያደራጁ። ነጥብ ሲመጣ መጀመሪያ ይደውሉ፣ ከዚያ ይንቀሳቀሱ።

ላፕቶፕና የሚሠራ ኢንተርኔት ያለው ቢሮ፦ ቪርስ ቦታውንና ቀኑን ይስጥዎት፣ ሴንቲኔል-2 ስፋቱን። የነጥቡ ቀን የትኛውን «በፊት» እና የትኛውን «በኋላ» ምስል እንደሚመርጡ ይወስንልዎታል። ለአብዛኛው አንባቢ ምክራችን ይህ ጥምረት ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ፦ የቃጠሎ ድግግሞሽ ከሆነ ላንድሳትን ይያዙ፤ ሞዲስን ለወቅቱ መለያ ብቻ ይጠቀሙ። መሬት ላይ ለማረጋገጥ ቢያንስ 30 ነጥብ ከተቃጠለው፣ 30 ካልተቃጠለው ይውሰዱ። ነጥቦቹ ከወሰኑ 40 ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ፤ አለዚያ የስልኩ ጂፒኤስ ስህተትና የፒክሰሉ ጠርዝ ተደምረው ትክክለኛውን ካርታ ስህተት ያስመስሉታል።

ካሳ ወይም የወሰን ክርክር ያለበት ጉዳይ፦ የ20 ሜትር ካርታ ብቻውን አይበቃም። በአንድ ጥማድ ማሳ ውስጥ የሚገቡት ስድስት ፒክሰሎች ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ጠርዝ ላይ የወደቁ ናቸው። ወሰኑን በእግር ዞረው በጂፒኤስ ይመዝግቡ፣ ከተቻለ የ3 ሜትር ምስል ይግዙ።

የባሌ ተራሮችን ለሚከታተሉ፦ ከደኑ በላይ ያለው አስታ ሲቃጠል ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ ሴንቲኔል-2 በደንብ ይይዘዋል። ግንዱ ከስሎ ቢቆምም ከሥሩ ያቆጠቁጣልና «ከባድ ጉዳት» የሚለውን «ሞቷል» ብለው አይተርጉሙት፤ ከአንድ ክረምት በኋላ እንደገና ይለኩት። በሐረና ደን ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሳቱ ቀስ ብሎ በወደቀው ቅጠል ላይ ሲሄድ ከላይ ያለው የዛፍ ጥላ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ የኤንቢአር ልዩነቱም ወደ ዜሮ ይጠጋል። የቡናው ችግኝ ከታች ነድዶ ካርታው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሌሊት የቪርስ ነጥብ ካገኙ ሰው ይላኩ፤ የተቃጠለውንም በእግር ይለኩ።